ፍሬኑ የታሰረ ብስክሌት

መሠረት የደወለችልኝ ለፈተና ቁጥጥር ካማሺ ሄጄ ሳለሁ ነው። ኔትወርክ ፍለጋ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ወጥቼ ነበር። «ኢብሮ፣ አባዬ ሞተ» አለችኝ። መስመሩ የተቆረጠ መስሏት «ትሰማኛለህ?» አለች። «እሰማሻለሁ» ስላት ትንፋሿን ሰብስባ «ሳይጠጣ ነው የሞተው» አለችኝ። «ስንገባ ቤቱ ውስጥ አንድም ጠርሙስ የለም። አፉም አይሸትም። ሳይጠጣ ነው የሞተው ኢብሮ፣ ለሚያውቁት ሁሉ ንገርልኝ።»

ድምፅዋ ውስጥ ከለቅሶው ጋር ኩራት ነበር። እኔ ግን እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እሷ ለመጽናኛ በያዘችው ቃል እኔ አባቷን ምን እንደገደላቸው አወቅኩ።

ካማሺና አሶሳ በወረቀት አንድ ክልል ናቸው፤ መንገዱ ግን ሰውን በወለጋ አዙሮ ነው የሚያመጣው። ቀብራቸው አለፈኝ። አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተጣብቄ ተቀምጬ እሳቸውን እያሰብኩ መጣሁ። አንዳንዱ ትዝታ እንባዬን ያመጣዋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ብቻዬን ያስቀኛል። ሾፌሩ እብድ የጫነ ሳይመስለው አልቀረም።

መምህር አሰፋ አሶሳ ላይ ባዮሎጂ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ ሲመጡ የወተት ጥርሳቸውን ያልነቀሉ ልጅ ነበሩ። በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ አድገው፣ ዕድሜያቸውን ቤንሻንጉል ጨርሰው፣ የወሎ አነጋገራቸውን ግን አልጣሉም። የከፋው ሰው ሲያዩ «አብሽር» ይሉታል። እኔ የሆሞሻ በርታ ነኝ፣ ሙስሊም ነኝ፤ «አብሽር»ን ከእናቴ ጓዳ ነው የማውቃት። መጀመሪያ ከአፋቸው የሰማሁ ቀን የእኛ ሰው መስለውኝ ነበር። ማተባቸውን ያየሁት ቆይቶ ነው።

አጠር ያሉ፣ ቀጭን፣ ነጭ ጋውናቸው ከትከሻቸው የሚሰፋ ሰው ነበሩ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ኪሳቸው ውስጥ ሲፈልጉት ክፍሉ በሙሉ ትንፋሹን ይይዛል። ዳስተር አይወዱም። ሰሌዳውን በመዳፋቸው፣ ከግራ ወደ ቀኝ በሰፊው እየጠረጉ ያጠፉና መዳፋቸውን ጋውናቸው ላይ ይደባብሱታል። በዚህ ምክንያት ከኋላ ንጹሕ፣ ከፊት ዱቄት ነጋዴ ይመስላሉ። ተማሪ ሲሳሳት አይቆጡም። «ጎበዝ፣ ስህተትህ ጥሩ ነው፤ እናሳድገው» ይሉና ከስህተቱ ተነሥተው እየመሩ መልሱ ጋ ያደርሱታል። እኔ ብዙ ስህተት ነበረኝ፤ ብዙ አሳድገውልኛል።

አንድ ዓመት ትምህርት እንደተጀመረ አባቴ አስቀረኝ። ዝናቡ ከወንዙ ጥሩ አሸዋ ያወጣበት ወቅት ነበር፤ ለወርቅ ማጠቡ የሰው እጅ ያስፈልጋል ተባለ። እኔም ነገሩን አልጠላሁትም። መምህር አሰፋ ብስክሌታቸውን ይዘው ከአሶሳ ሆሞሻ ድረስ መጡ። እናቴ በቀይ አቧራ ተለውሰው ስታያቸው «ይሄ መምህር ነው ወይስ ከመሬት ወጣች?» አለች። የእናቴ አማርኛ ወንድና ሴት አይለይም፤ እሳቸው ግን በሳቅ ሊሞቱ ደረሱ።

እኔ አባቴን በምክር ያሸንፋሉ ብዬ ነበር የጠበቅሁት። አንድም አልመከሩም። ሱሪያቸውን ሰብስበው ወንዝ ገቡና የማጠቢያውን ገበቴ ተቀበሉት። አጠባቸው ጉድ ነበር። አሸዋውም ወርቁም ተያይዞ ከገበቴው ይፈስሳል። አባቴ ሲያያቸው ቆየና በመጨረሻ በራሱ አማርኛ «ይሄ ሰውዬ ወርቅ ጨርሶ አያውቅ። ልጁን ይወሰድ፣ የሚያውቀውን ያስተምር። እዚህ ከሆነ ሁላችን ደሃ ያደርጋል» አለ። ትምህርት ቤት የተመለስኩት በዚህ ነው።

እናቴ ገንፎና ባሚያ አቀረበችላቸው። «መጀመሪያ ትበላለህ፣ ከዚያ ልጅ ትወስዳለህ» አለቻቸው። እንደዚያ ስትል ግን ዓይኗ እጃቸው ላይ ነበር። ገንፎውን ሲቆርሱ ጣታቸው ይንቀጠቀጣል። ከበሉ በኋላ «ብስክሌቱን ልይ» ብለው ወጡ። ሲመለሱ እጃቸው ጸጥ ብሎ ነበር። ትንፋሻቸው የሸተተውን እኔ አላወቅሁትም፤ እናቴ አወቀችው። ማታ ለአባቴ በራሳችን ቋንቋ ካወራች በኋላ ወደ እኔ ዞረችና እሳቸው ቢሰሙ የፈለገች ይመስል በአማርኛ «ወላሂ ሰው ጥሩ ነው። ውኃ መጥፎ ነው። ይሄ ውኃ ሰው ይበላል» አለች።

በዚያው ዓመት የነርቭ ትምህርት ደረሰ። «ዛሬ ሰሌዳ አያስፈልግም» ብለው ወደ ሜዳው አወጡን። የብስክሌታቸውን የኋላ ፍሬን በከመነዳሪ ላስቲክ ጠበቅ አድርገው አሰሩትና «ሆሞሻ፣ ና ውጣ» አሉኝ። እስኪሞቱ ድረስ በአገሬ ስም ነው የጠሩኝ። ፔዳሉን ስረግጠው በሬ የምጎትት መሰለኝ። እሳቸው ከጎኔ እየተራመዱ ያስተምራሉ።

«ልጆች፣ አንጎላችሁ ውስጥ ሁለት ዓይነት መልእክት አለ። አንዱ ‹ተነሣ፣ ንቃ› ይላል። ሌላው ‹አብሽር፣ ተረጋጋ› ይላል። መልእክት የሚገባበት ተቀባይ አለ፤ እኔ በር እለዋለሁ። አረቄ ሲመጣ ምን ያደርጋል? የ‹አብሽር›ን በር ገፍቶ ይከፍተዋል፣ የ‹ንቃ›ን በር ይዘጋል። ሰውዬው ፈዘዘ። ይህ ፍሬን ነው፤ እዩት ሆሞሻን፣ ፍሬን ላይ ነው።»

እኔ አልቦኛል። ልጆቹ ይስቃሉ።

«አንጎል ግን ሞኝ አይደለም። ፍሬኑ በየቀኑ ከተያዘ ‹እንግዲያ ጠንክሬ ልርገጥ› ይላል። የ‹አብሽር›ን በሮች አንድ በአንድ ይነቅላል፣ የ‹ንቃ›ን በሮች ያበዛል። አሁን ሰውዬው ያንኑ ያህል ጠጥቶ አይሰክርም። ጨምሩልኝ ይላል። ይጨምራል፤ አንጎሉም በሩን ያበዛል። እግሩን እዩት! ፍሬን መኖሩን ረስቶታል።»

እውነትም ረስቼው ነበር። ሜዳው ወደ ማንጎው ዛፍ ቁልቁል የሚወርድበት ቦታ ስንደርስ ላስቲኩን ድንገት ላጥ አደረጉት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሌሎች ናቸው የሚያውቁት። ከማንጎው ሥር ሲያነሡኝ ጎንበስ ብለው «ሆሞሻ፣ ምን ተሰማህ?» አሉኝ።

«ማንጎው ተሰማኝ፣ ቲቸር።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ሳቁና አቧራዬን በመዳፋቸው እየጠረጉልኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ላስቲኩን የፈታሁት ለደግ ነው። ፍሬን መጥፎ ነው፣ ይፈታ። ነገር ግን እግሩ ገና እየረገጠ ነበር። አረቄም ድንገት ሲቆም የለመደ አንጎል እንዲሁ ይላተማል፤ ሰውም ይሞትበታል።» አንዲት ልጅ «ታዲያ እንዴት ነው የሚፈታው ቲቸር?» አለቻቸው። «ቀስ በቀስ እያላሉ» አሉ። «ወይም የሚያውቅ ሰው ብስክሌቱን ይዞለት። ብቻውን ግን አይሆንም።» ይህን ሲሉ ወደ እኛ አልነበረም የሚያዩት፣ ወደ ብስክሌቱ ነበር። ያኔ ልብ ያልኩት አይመስለኝም፤ አሁን ግን እንደዚያ ሆኖ ነው የሚታየኝ።

ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ የኬሚስትሪ መምህር ሆኜ ወደዚያው ትምህርት ቤት ስመለስ ባልደረባዬ ሆኑ። ባለቤታቸው አርፈዋል፤ መሠረትን ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። ነገሩ በዚያን ጊዜ ገሃድ ወጥቶ ነበር። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ሲመጡ በእትዬ ዘውዴ አረቄ ቤት በኩል ካላለፉ ጠመኔ መያዝ አይችሉም። ካለፉ ደግሞ ከማንኛችንም የተሻለ ያስተምራሉ። ርዕሰ መምህሩ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ከፕሮግራማቸው አነሣላቸው። ምሕረትም ነው፣ ንቀትም ነው፤ እሳቸው ምሕረቱን ወስደው ንቀቱን እንዳላዩ ሆኑ።

ሰው ሁሉ ሚስታቸው ስለሞተች ነው ይል ነበር። አንድ ቀን መምህራን ክፍል ብቻችንን ሆነን ይህንኑ ብነግራቸው ሳቁ። «ሰው ምክንያት ሲፈልግልኝ ደስ ይለኛል። እሷ በሕይወት እያለችም ጠጥቻለሁ። መጀመሪያ ጣፈጠኝ፣ ከዚያ ለመድኩት፣ ከዚያ አስፈለገኝ። ሌላ ታሪክ የለውም።» ቀና ብለው አዩኝና «አንተ ቀምሰኸው አታውቅም አይደል ሆሞሻ? እኔ አሁን የምጠጣው ለመስከር ይመስልሃል። ለመስከርማ ድሮ ቀረ። እንደ አንተ ለመሆን ነው የምጠጣው። አንተ ሳትጠጣ ጠዋት የምትነሣበት ቦታ ለመድረስ እኔ ግማሽ ጠርሙስ ያስፈልገኛል» አሉኝ።

«አብሽር» አልኳቸው። ከእሳቸው የተማርኩት ይህንኑ ነው።

መሠረት ልታገባ ስትል ጉዳዩን ሽማግሌ ፊት አቀረበችው። ሙሽራው ማንኩሽ የሚሠራ ደህና ልጅ ነው። በሠርጓ ቀን አባቷ ተንገዳግደው እንዳያዋርዷት ፈራች፤ ከዚያ በላይ ደግሞ እሷ ሩቅ ስትሄድ ማን ያነሣቸዋል? ግቢያቸው ውስጥ ተሰበሰብን። የንስሐ አባታቸው አባ ኃይሌ፣ ከሰፈራው ጊዜ ጀምሮ ጎረቤታቸው የሆኑት አቶ ሙሉጌታ፣ እኔ እንደ ልጅ ሆኜ፣ መሠረትም ቆማ። ሁሉም ይወዷቸው ነበር። ይህ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ፤ በዚያ ግቢ ውስጥ የማይወዳቸው ሰው አልነበረም።

አባ ኃይሌ «ልጄ አሰፋ፣ ከዛሬ ጀምሮ ተው» አሏቸው። መምህር አሰፋ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እተዋለሁ አባቴ። ግን በአንድ ጊዜ አይሆንም። ቀስ በቀስ ልቀንስ። እንቁላልም ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄድ የለም?»

አቶ ሙሉጌታ ከት ብለው ሳቁ። «እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ አንተ ታልቃለህ! ቀስ በቀስ የማይል ሰካራም አሳየኝ እስቲ። የኔም ወንድም ቀስ በቀስ እያለ ነው የተቀበረው።»

አባ ኃይሌም ፈገግ አሉ። መሠረት ግን ፊቷን አዞረች። ይህንኑ «ቀስ በቀስ» ከልጅነቷ ጀምሮ ስትሰማው ነው የኖረችው።

እኔ ተነሥቼ ተናገርኩ። እውነታቸውን ነው፣ ድንገት ማቆም አደገኛ ነው፣ ካቆሙም ሆስፒታል ተኝተው ይሁን አልኩ። አቶ ሙሉጌታ በትዕግሥት አዳመጡኝና «ኢብራሂም፣ አንተ በሃይማኖትህ ያልቀመስከውን ነገር ከየት አወቅኸው? የነገረህስ ማን ነው? እሱው አይደለም?» አሉኝ። እውነትም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ሆስፒታሉን ደግሞ ራሳቸው መምህር አሰፋ እምቢ አሉ። «ነርሱም ሐኪሙም ተማሪዎቼ ናቸው። ይህን እጅ ይዤ አልሄድላቸውም።»

ከዚያ መሠረት ከእግራቸው ሥር ተደፋች። እንባ አልነበራትም። እግራቸውን ይዛ «አባዬ» ብቻ አለች። እሳቸውም ጎንበስ ብለው ሊያነሷት ሞከሩ፣ አቃታቸው፣ «እሺ» አሉ። አባ ኃይሌ መስቀላቸውን አወጡና «ከዛሬ ጀምሮ አረቄ በአፍህ ቢዞር ግዝት ይሁንብህ» ብለው ገዘቱ። ግዝት የማያውቅ ካለ፣ የንስሐ አባት ቃል ነው፤ ያፈረሰው ከቤተ ክርስቲያን የተለየ ያህል ነው። እልል ተባለ። ጠርሙሶቹ ተለቅመው ጓሮ ተደፉ።

ስንወጣ በር ላይ ክንዴን ያዙኝ። «ሆሞሻ፣ ያን ያስተማርኩህ ልክ ነበር አይደል?»

«ልክ ነበር ቲቸር።»

«መጽሐፉም ይላል። እኔም አውቀዋለሁ። ግን አሁን ‹ቀስ በቀስ› ስል መምህሩ ይሁን ጠጪው የተናገረው እኔም አላወቅሁትም። ከአፌ ሲወጣ ራሴም አላመንኩትም።» መነጽራቸውን ከኪሳቸው ሲፈልጉ ግንባራቸው ላይ መሆኑን ነገርኳቸው።

በማግሥቱ ላብ አጠመቃቸው። ቀጥሎ እንቅልፍ እምቢ አለ፣ ከዚያ መንቀጥቀጡ ከእጃቸው አልፎ መላ ሰውነታቸውን ያዘው። ስደርስ መሠረት ባጃጅ ልትጠራ እየሮጠች ስትወጣ በር ላይ ተላለፍን። መምህር አሰፋ ግድግዳውን ፊት ለፊት ይዘው ቆመዋል። በመዳፋቸው ከግራ ወደ ቀኝ ይጠርጋሉ። ግድግዳው ላይ ምንም የለም። «አጥፋልኝ ሆሞሻ፣ ሰሌዳው ሞላ» አሉኝ። «እያጠፋሁት ይጽፋሉ። ማን ነው የሚጽፈው?» ይዣቸው ሳለ ዓይናቸው ተገለበጠና ወደቁ።

ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር። አቶ ሙሉጌታ እያለቀሱም ደስ ብሏቸዋል። «ግዝቱ ያዘው! ክፉው መንፈስ ሊወጣ ነው የሚጮኸው፤ ጸበል ውሰዱት!» ለክፋት አይደለም፤ ያመኑትን ነው። መሠረት ባጃጁን ይዛ ደርሳ ወደ እኔ አየች። «ሆስፒታል» አልኩ። እሷም «ሆስፒታል» አለች።

ሐኪሙ እንደተፈራው ተማሪያቸው ነበር። መርፌ ወግቶ፣ መድኃኒት ሰጥቶ፣ ቀን ሌሊት ተከታትሎ መለሳቸው። የመጀመሪያው ቀን ኮሪደር ላይ አግኝቶኝ «ቲቸር ናቸው እኮ ይህን ያስተማሩን። አንተ አይደለህ እንዴ ከማንጎው የተላተምከው?» አለኝ። ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም። ሲወጡ ደግሞ ለእሳቸውም ለእኔም እንዲህ አለን፦ «አይጀምሩ። ግን ሰው ናቸውና ቢጀምሩ በራሳቸው እንዳያቆሙ። እዚህ ይምጡ። ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ይከፋል።»

ሠርጉ አማረ። መምህር አሰፋ በእስክስታ ትከሻቸውን ሲሰብሩት የወሎ ሰው መሆናቸው ታየ። አገሩ ሁሉ «ግዝቱ ሠራ» አለ። ሐኪሙን ያነሣ አልነበረም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እኔ ይህን በልቤ ያዝኩት። ደስታውን ማን ይነካል?

የማንጎው ወቅት ሲደርስ ያቺ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን እየላጥን እንበላ ነበር። «በሮቹ አልጠፉም» ይሉኝ ነበር። «ጸጥ ያሉት ማንም ስላላንኳኳቸው ነው። በእትዬ ዘውዴ ደጅ ሳልፍ ሽታው ሲመጣ ሁሉም ባንድ ላይ ይነሣሉ። ዞሬ ነው የምሄደው።» ያ ዙሪያ መንገዳቸው ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ከተማውን ግማሽ ያዞራቸው ነበር። ብስክሌቱን አሳምረው ቀብተውታል።

ይህን ያፈረሰው አረቄ አይደለም። የጎረቤት ተዝካር ነው። ለሟች ነፍስ የተጠመቀ ጠላ እምቢ ማለት ሟቹን እንደመንፈግ ይቆጠራል። አቶ ሙሉጌታ ጣሳውን ሞልተው አቀረቡላቸው። ሲያመነቱ ቢያዩዋቸው ጊዜ «ጠላ እኮ ምግብ ነው አሰፋ። የተገዘትከው አረቄ ነው። ለነፍሱ አንድ ጉንጭ በልለት» አሏቸው። እኔ ከሙስሊሞቹ ጋር ለብቻ ተቀምጬ ነበር፤ «ቲቸር» ብዬ ከሩቅ ተጣራሁ። አዩኝ። «አብሽር» አሉኝ በእጃቸው። «ነፍስ ይማር» ብለው ጠጡ።

ዝናቡ ሳይገባ ከጠላው ወደ አረቄው ተሻገሩ። አሁን ደግሞ ግዝት አፍራሽ ናቸው። አባ ኃይሌ ዘንድ ሄደው እንዲፈቱላቸው ብለምናቸው «ምን ብዬ? ቀስ በቀስ ብዬ?» አሉኝ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆመው ቅዳሴውን ሰምተው ይመለሳሉ። በሆስፒታሉም በኩል ሲያልፉ በማዶ ነው። ያ ሐኪም መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ከብስክሌታቸው ወርደው ሰላም ይሉታል፣ እሱ ትንፋሻቸው እንዳይደርሰው ግን ፊታቸውን ያዞራሉ። በየሳምንቱ ቤታቸው እየሄድኩ እቀመጥ ነበር። ሻይ አፍልቼ እጠጣለሁ፣ እሳቸው የራሳቸውን ይጠጣሉ፤ ስለ ተማሪ እናወራለን። ከዚህ የበለጠ ማድረግ የሚቻል ነገር ካለ እስከ ዛሬ አላገኘሁትም።

መሠረት ማንኩሽ ላይ ወንድ ልጅ ወለደች። ክርስትናውን አሶሳ፣ አባቷ ባሉበት ለማድረግ ቆረጠች። ካማሺ ልሄድ ስሰናዳ መምህር አሰፋ ጠሩኝ። ከወትሮው የተለየ ነገር ፊታቸው ላይ ነበር። «ንጹሕ ሆኜ እጠብቃታለሁ» አሉኝ። «ልጁን በዚህ አፍ አልስመውም።»

ደነገጥኩ። «ቲቸር፣ ሐኪሙ ያለውን አስታውሱ። ቢያንስ ቀስ በቀስ።»

ሳቁብኝ። ሳቃቸው ውስጥ ምንም ክፋት አልነበረም። «ሆሞሻዬ፣ ቀስ በቀስማ ሞከርኩት እኮ። አንድ መለኪያ ልቀንስ ብዬ ጀምሬ ሁለት ጨምሬ እጨርሳለሁ። ፍሬኑን የምታላላው እጅ ራሷ ፍሬኑን የምትፈልገዋ ናት። ያንን አላስተማርኳችሁም፤ ያኔ አላውቀውም ነበር።»

«እንግዲያ ሆስፒታል።»

ወደ ብስክሌቱ አዩ። «እሺ፤ ስትመለስ አብረን እንሄዳለን። ብስክሌቱን አንተ ትይዝልኛለህ።» እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ጨበጥኳት። እየተንቀጠቀጠች ነበር። እኔን ለማስደሰት ያሉት ይሁን ከልባቸው አላውቅም። መሠረት ከተባለው ቀን ቀድማ እንደምትመጣ ከነገረቻቸው በኋላ ግን መጠበቅ አልቻሉም።

አሶሳ የደረስኩት ለሰልስቱ ነው። ግቢው ሰው ሞልቶታል። አባ ኃይሌ ሲያዩኝ ትከሻዬን ያዙና «ግዝቱን አክብሮ፣ ንጹሕ ሆኖ ነው ያረፈው። ፈትቼዋለሁ ልጄ» አሉኝ፤ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። አቶ ሙሉጌታ እንደ ሕፃን ያለቅሳሉ። «ጨከነ አሰፋ፣ በመጨረሻ ጨከነ!» ይላሉ። አንዳቸውም ላይ መናደድ አልቻልኩም። ስህተታቸው ጥሩ ነበር፤ የሚያሳድገው ሰው ነው ያጣው።

መሠረት ልጇን ታቅፋ ወደ ውስጥ ወሰደችኝ። ክፍሉ ተጠርጓል። ነጭ ሸሚዛቸው ተተኩሶ ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ከአልጋው ራስጌ ያለው ኖራ ቅብ ግድግዳ ላይ፣ በሰው ደረት ከፍታ፣ ኖራው ተፍቆ ጭቃው ወጥቷል። ሰፊ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ መዳፍ መዳፍ እያለ እስከ መስኮቱ ይሄዳል።

«አየህ ኢብሮ?» አለችኝ። «ለልጁ ሲል ግድግዳውን ሳይቀር ሲያጸዳ ነበር።»

የመጀመሪያው ጊዜ እሷ ባጃጅ ልትጠራ ሮጣ ነበር። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ ቀና ስትል ፊቷ ከሠርጓ ቀን ወዲህ አይቼው የማላውቀውን ብርሃን ይዟል። «ቀስ በቀስ ይል አልነበር? ሁላችንም ሳቅንበት። ይኸው፣ በአንድ ጊዜ ቻለው።»

ልጁ እጁን ከተጠቀለለበት አውጥቶ አየር ላይ ያንቀሳቅሳል።

«አዎ መሠረት፣» አልኳት፣ «ቻሉት።»